60 ግቦችን አስቆጥሮ ስንብት የተነፈገው ዲክሲ ዲን

ዕለቱ ቅዳሜ፣ የካቲት 22 ቀን 1972 ዓ.ም ነበር። በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ሊቨርፑል በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ስታዲየም የከተማዋ ሁለት ባላንጣዎች፣ ኤቨርተንና ሊቨርፑል ይጫወታሉ። ከተመልካቾቹ መካከል አንድ የ73 ዓመት አዛውንት ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ከተቆረጠ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ጤናው ስለታወከ ለዓመታት ወደዚህ ሜዳ ሳይመጣ ቆይቷል። በዚያ ቅዳሜ ግን መጣ። ጨዋታውን እየተመለከተ ሳለም ልቡ ድንገት ቆመ። በወጣትነቱ አስር ሺህዎችን ከመቀመጫቸው ባስነሳበት ሜዳ ዳር ሕይወቱ አለፈ።

ይህ አዛውንት ዊሊያም ራልፍ ዲን ነው። የእግር ኳስ ዓለም የሚያውቀው ግን ዲክሲ ዲን በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ 60 ግቦችን ያስቆጠረ ብቸኛ ሰው ነው። ወደ አንድ መቶ ዓመት እየተጠጋ ያለውን ይህን ክብረ ወሰን እስከ አሁን የነካው የለም። በዘመናችን ኤርሊንግ ሃላንድ ለማንቸስተር ሲቲ 36 ግቦችን አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር ዓለም ተደንቋል። የዲን ቁጥር ከዚያ በ24 ይበልጣል።

የዲን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ከቁጥሮቹ ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የወደደውን ክለብ አስራ ሦስት ዓመት አገልግሎ፣ አንድ ቀን የሚሸኘው ሰው ሳይኖር በሩን ዘግቶ የወጣ ሰው ታሪክ ነው። ክለቡ በሜዳው የምስጋና ጨዋታ ያዘጋጀለት ከዚያ ቀን 26 ዓመታት በኋላ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ዲን የተወለደው ጥር 22 ቀን 1907 በበርከንሄድ ከተማ ነው። በርከንሄድ ከሊቨርፑል ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ፣ በመርሲ ወንዝ ብቻ የምትለይ የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሕፃኑ ዲን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ወንዙን አሻግሮ ወደ ጉዲሰን ፓርክ ወሰደው። በዚያ ዘመን ኤቨርተን የሊጉን ዋንጫ ለማንሳት ይገሰግስ ነበር። ልጁ በዚያ ቀን ያየው ሰማያዊ ማሊያ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ አልወጣም።

በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በባቡር ድርጅት የመካኒክነት ሙያ ተለማማጅ ሆነ። ጓደኞቹ የሚሸሹትን የሌሊት ፈረቃ እርሱ ወድዶ ወሰደው። ሌሊት ከሠራ ቀኑ ለኳስ ነጻ ይሆንለታልና። በ16 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ ክለብ፣ በትራንሜር ሮቨርስ ፈረመ። በ1924/25 የውድድር ዘመን በሦስተኛው ዲቪዚዮን 27 ግቦችን ሲያስቆጥር ስሙ ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ብዙ ክለቦች ፈለጉት፤ እርሱ ግን የሚፈልገው አንድ ብቻ ነበር። በመጋቢት ወር 1925 በ3 ሺህ ፓውንድ የኤቨርተን ተጫዋች ሆነ። ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ያን ጊዜ የክለቡ ጸሐፊ ቶም ማኪንቶሽ ይባል ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የእንግሊዝ ክለቦች ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አሠልጣኝ አልነበረም። ቡድኑን የሚመርጡት የቦርድ አባላት፣ የክለቡን የዕለት ሥራ የሚመሩት ደግሞ ጸሐፊው ነበሩ። ማኪንቶሽ ዲንን ወደ ክለቡ ያመጣው ሰው ነበር። ለወጣቱም እንደ ታላቅ ወዳጅ ሆኖለታል። ይህ ዝምድና በኋላ ለሆነው ነገር ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በኤቨርተን የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ ከ30 በላይ የሊግ ግቦችን አስቆጠረ። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1926 በጋ በሰሜን ዌልስ ሞተር ሳይክል ሲነዳ አደጋ ደረሰበት። የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበሩ፤ ለረጅም ሰዓታት ራሱን ስቶ ቆየ። ሐኪሞች ኳስ መጫወቱ ቀርቶ መትረፉንም ተጠራጠሩ። እርሱ ግን በወራት ውስጥ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ በቴስታ የሚያስቆጥራቸውን ግቦች ያዩ ሰዎች በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ቀርቷል ብለው ማውራት ጀመሩ። ወሬው ተረት ነበር። የኃይሉ ምንጭ ብረት ሳይሆን ልምምድ፣ ዝላይና ኳሱ የት እንደሚወድቅ አስቀድሞ የማወቅ ተሰጥኦ ነው። ቁመቱም እንደሚወራው ግዙፍ አልነበረም።

ታላቁ ዓመት 1927/28 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የኦፍሳይድ ሕግ ተሻሽሎ ነበር። ቀደም ሲል በአጥቂውና በግብ መስመሩ መካከል ሦስት ተከላካዮች እንዲኖሩ ይጠየቅ የነበረው ወደ ሁለት ዝቅ ብሏል። በዚህም ምክንያት አጥቂዎች ሰፊ ቦታ አገኙ፤ የግቦች ቁጥርም በመላው እንግሊዝ ጨመረ። በ1926/27 የሚድልስብሮው አጥቂ ጆርጅ ካምሴል በሁለተኛው ዲቪዚዮን 59 ግቦችን አስቆጥሮ አገሩን አስደንቋል። ያን ቁጥር በከፍተኛው ዲቪዚዮን የሚደግመው ይኖራል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም።

ሁለት ጨዋታዎች ሲቀሩ ዲን የካምሴልን ክብረ ወሰን ለመስበር ሰባት ግቦች ያስፈልጉት ነበር። በርንሌይ ላይ አራት አስቆጠረ። ሦስት ቀሩት። የመጨረሻው ጨዋታ በግንቦት 5 ቀን 1928 በጉዲሰን ፓርክ ከአርሰናል ጋር ነበር። ኤቨርተን ዋንጫውን አስቀድሞ አረጋግጧል፤ ሕዝቡ የመጣው የዲንን እግርና ግንባር ለማየት ነው። አርሰናል ቀድሞ አስቆጠረ። ዲን ወዲያው አቻ አደረገ። ቀጥሎ ሁለተኛውን በፍጹም ቅጣት ምት ጨመረ። ከዚያ በኋላ ደቂቃዎች እየነጎዱ ሄዱ፤ ሦስተኛው ግብ አልመጣም። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አሌክ ትሩፕ የማዕዘን ምት አሻማ። ዲን ከሁሉ በላይ ተነሥቶ በቴስታ መረቡ ላይ አሳረፈው። 60ኛው ግብ ሆነ። አርሰናል በመጨረሻ አቻ ሆኖ ጨዋታው 3 ለ 3 ቢያልቅም ያን ያስታወሰ አልነበረም። ዲን 60ዎቹን ግቦች ያስቆጠረው በ39 ጨዋታዎች ነው። ኤቨርተን በዚያ ዓመት በሊጉ ካስቆጠራቸው 102 ግቦች መካከል ከግማሽ በላዩ የእርሱ ነበሩ። ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ሕይወት ግን ሁልጊዜ ሽቅብ አይወጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዲን በጉዳት ሲታመስ ኤቨርተንም ተዳከመ፤ በ1930 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። እንደ እርሱ ያለ አጥቂ ወደ ሌላ ክለብ ለመሄድ ምክንያት አላጣም ነበር። ዲን ግን ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን 39 ግቦችን አስቆጥሮ ክለቡን ወደ ላይ መለሰ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1931/32፣ 45 ግቦችን አክሎ የሊጉን ዋንጫ አስገኘ። በ1933 ደግሞ የቡድኑ አምበል ሆኖ ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 0 በመርታት የኤፍኤ ዋንጫን አነሣ። ከሦስቱ ግቦች አንዱ የእርሱ ነበር። በዚያ ፍጻሜ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ለብሰው ገቡ፤ የኤቨርተን ልጆች ከ1 እስከ 11፣ የሲቲዎቹ ከ12 እስከ 22። 9 ቁጥር በዲን ጀርባ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤቨርተን 9 ቁጥርን መልበስ እንደ ከባድ አደራ ይቆጠራል።

በጠቅላላው ለኤቨርተን 433 ጨዋታዎችን አድርጎ 383 ግቦችን አስቆጠረ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በ16 ጨዋታዎች 18 ግቦች አሉት። በባላንጣው ሊቨርፑል መረብ ላይ ብቻ 19 አሳርፏል። ተከላካዮች እግሩን እየጠለፉ፣ ጎኑን እየጎሸሙ ቢያስቸግሩትም በዳኛ ከሜዳ ተባርሮ እንደማያውቅ ይነገርለታል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚከፈለው ምን ያህል ነበር? በዚያ ዘመን የእንግሊዝ እግር ኳስ የደመወዝ ጣሪያ ነበረው። ምርጡም ተጫዋች ቢሆን በውድድር ወቅት በሳምንት ከ8 ፓውንድ በላይ ማግኘት አይፈቀድለትም። ከዚህ የባሰው የዝውውር ሕጉ ነበር። የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም ክለቡ ካልፈቀደ በስተቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ክለቡ ሲፈልግ ያስቀረዋል፤ ሳይፈልገው ሲቀር ይሸጠዋል። በአስር ሺህዎች የሚቆጠር ተመልካች በየሳምንቱ የመግቢያ ሳንቲሙን እየከፈለ ስታዲየሙን ቢሞላም ገንዘቡ ወደ ተጫዋቹ ኪስ አይደርስም። የደመወዝ ጣሪያው የተነሣው በ1961 ነው፤ ለዲን እጅግ ዘግይቶ።

ስለዚህ በዚያ ሥርዓት አንድ ተጫዋች ከክለቡ የሚጠብቀው ትልቁ ነገር ገንዘብ አልነበረም። ክብር ነበር። አርጅቶ ሲወጣ በወግ መሸኘት፣ በበሩ ሲያልፍ በስሙ መጠራት፣ ሲቸገር መታወስ። ይህ በወረቀት ያልተጻፈ ውል ነበር። የተቋረጠውም ይኸው ነው።

በ1935 ቶም ማኪንቶሽ ሞተ። ቦታውን የያዘው ቲዮ ኬሊ ነበር። ኬሊ ሰነፍ ሰው አልነበረም። የተደራጀ፣ ሥራውን የሚያውቅ አስተዳዳሪ ነበር። ከተጫዋቾች ጋር ያለው ግንኙነት ግን ቀዝቃዛ ነበር። ዲን በበኩሉ ከማኪንቶሽ ጋር በወዳጅነት መሥራት የለመደ፣ በመልበሻ ክፍል የሚከበር፣ ቃሉ የሚሰማ አምበል ነበር። ሁለቱ አልተስማሙም። ዲን በኋላ እንደገለጸው፣ ኬሊ ነባር ተጫዋቾችን ለማስወገድ ይፈልግ ነበር፤ እርሱንም እንደ ተቀናቃኝ ይመለከተው ነበር። ኬሊ በበኩሉ ምን ያስብ እንደነበር ታሪክ ብዙ አልተወልንም። ስለዚህ ፍርዱን በአንድ ወገን ቃል ብቻ መስጠት አይገባም።

አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ የዲን ጉልበት እየቀነሰ ነበር። ለዓመታት የተደራረበ ጉዳት፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ የከበደ የቆዳ ኳስ በግንባር መምታት ሰውነቱን ጎድቶታል። ክለቡ ተተኪ መፈለጉ ስህተት አልነበረም። በ1936/37 አጋማሽ ከበርንሌይ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በ6,500 ፓውንድ ተገዛ፤ ቶሚ ላውተን ይባላል። ላውተን የመጣው የማንን ቦታ ሊወስድ እንደሆነ ዲን ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ባዞረ ነበር። ዲን ግን ወጣቱን በክንፉ ሥር አደረገው። በቴስታ የመምታትን ጥበብ፣ የአዘላለልን ጊዜ፣ የአቋቋምን ስልት በልምምድ ሜዳ አስተማረው። የራሱን ወንበር ለሚረከበው ልጅ መንገድ አሳየ።

ከዚያ ዲን ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። በመጋቢት 1938 ደግሞ ለኖትስ ካውንቲ ተሸጠ። ኖትስ ካውንቲ ያን ጊዜ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነበር። ዲን 31 ዓመቱ ነው። አስራ ሦስት ዓመት ከኖረበት ክለብ ሲወጣ የስንብት ሥነ ሥርዓት አልነበረም። ከቦርድ አባላቱ መካከል እጁን ጨብጦ ያመሰገነው እንዳልነበረ ዲን በኋላ በቅሬታ አስታውሷል። አበው ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ይመጸታል። በዚያው በ1938 ቲዮ ኬሊ ለክለቡ ዓርማ ነደፈ። በዓርማው ላይ የኤቨርተን ሠፈር ምልክት የሆነው ጥንታዊ ግንብ አለ። ከሥሩ ደግሞ ከምርጡ በታች ያለ ነገር ሁሉ አይበቃም የሚል ትርጉም ያለው የላቲን መሪ ቃል ሰፈረ። ኤቨርተን እስከ ዛሬ በዚያ መሪ ቃል ይታወቃል። ክለቡ ከምርጡ በታች አይበቃኝም ብሎ ባወጀበት ዓመት ምርጡን ልጁን ያለ ስንብት ሸኘ።

ሜዳው ላይ ግን ውሳኔው ፍሬ አፈራ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1938/39፣ ኤቨርተን የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ ዲን ያሠለጠነው ላውተን 34 ግቦችን አስቆጠረ። ይህም የክርክሩን መልክ ያወሳስበዋል። ክለቡ ዲንን በመተካቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው በአሸኛኘቱ ነው። የሥራ ውሳኔ ትክክል መሆን ሰውን በአክብሮት ከመሸኘት ግዴታ ነጻ አያወጣም።

ቅሬታው የዲን ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንድ ኩሩ ተጫዋች ምሬት ነው ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ግን አልሆነም። ኬሊ በ1939 የክለቡ የመጀመሪያ ይፋዊ አሠልጣኝ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር ቶሚ ላውተን ወደ ቼልሲ ሄደ። በ1946 የቡድኑ ታላቅ አማካይ ጆ መርሰር ከኬሊ ጋር ተጋጭቶ ወደ አርሰናል አመራ። የዝውውሩ ስምምነት በሚፈረምበት ዕለት ኬሊ የመርሰርን ጫማዎች ይዞ መጣ፤ ተጫዋቹ ዕቃውን ለመውሰድ ወደ ክለቡ ተመልሶ ጓደኞቹን እንዲሰናበት ዕድል አልሰጠውም። መርሰር በአርሰናል አምበል ሆኖ ሁለት የሊግ ዋንጫዎችንና አንድ የኤፍኤ ዋንጫ አነሣ። ኤቨርተን ግን በ1951 እንደገና ወደ ታች ወረደ። የመውረዱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ልጆቹን በቂም የሚሸኝ ቤት ብርቱ ልጆችን አሳድጎ ማቆየት እንደሚቸግረው ማስተዋል ይቻላል።

ዲን በኖትስ ካውንቲ ብዙ አልቆየም፤ ጉዳት አላላውስ ብሎት የተጫወተው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። በ1939 መጀመሪያ ወደ አየርላንድ ተሻግሮ ለስላይጎ ሮቨርስ ፈረመ። በዚያች ትንሽ ከተማ ነዋሪው በባቡር ጣቢያ ወጥቶ ተቀበለው። በሰባት የሊግ ጨዋታዎች አስር ግቦችን አስቆጥሮ ክለቡን ለአየርላንድ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰ፤ ዋንጫውን ግን በድጋሚ ጨዋታ ሼልበርን ወሰደው። ለወራት ብቻ ያገለገላት ከተማ ስሙን በፍቅር ስታነሣ ኖራለች። አስራ ሦስት ዓመት ያገለገለው ክለብ ግን ዝም ብሏል።

በጦርነቱ ዘመን በውትድርና አገለገለ። ሰላም ሲሆን በቼስተር ከተማ ደብሊን ፓኬት የተባለ መጠጥ ቤት ከፈተ። ከአስራ አምስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እዚያ ቆሞ ለደንበኞች ቢራ ቀዳ። ከመርሲ ወዲህና ወዲያ የሚመጡ ሰዎች ቢራቸውን ከመጠጣታቸው በፊት ያን ግንባር በዓይናቸው ይመለከቱ ነበር። ደጋፊው አልረሳውም። በደጋፊውና በተጫዋቹ መካከል ያለው ውል አልተቋረጠም። የተቋረጠው ከቢሮው ጋር የነበረው ነው። በክለብ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይታያሉ፤ የዲን ሕይወት ግን ልዩነታቸውን በግልጽ ያሳያል።

ጤናው ሲታወክ መጠጥ ቤቱን ተወ። በ1960ዎቹ ሊትልውድስ በተባለው የእግር ኳስ ውጤት ማስገመቻ ድርጅት ተቀጠረ። የድርጅቱ መሥራች ጆን ሙርስ በዚያ ዘመን የኤቨርተን ሊቀ መንበር ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ የሚያስታውሱት ዝምተኛ፣ ትሑትና ተግባቢ ሰው እንደነበር ነው። የ60 ግቦቹ ባለቤት በየማለዳው ከሌሎች ሠራተኞች እኩል ሥራ ገብቶ ይወጣ ነበር። ሥራው ክብር የሚነካ አልነበረም፤ ሠርቶ መብላት ያስከብራል። ሆኖም የእርሱ ትከሻ የተሸከመው ክለብ በዚያ ጊዜ ከአገሪቱ ባለጠጎች አንዱ ስለነበር ንጽጽሩ ከሰው ዓይን አላመለጠም።

በሚያዝያ 7 ቀን 1964 በመጨረሻ በጉዲሰን ፓርክ የምስጋና ጨዋታ ተዘጋጀለት። ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ መጣ። ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ዲን ሲጫወት ያልተወለዱ ነበሩ፤ ከአባቶቻቸው በሰሙት ብቻ ትኬት ቆረጡ። ወደ 7 ሺህ ፓውንድ ተሰበሰበለት። ዲን ያን ጊዜ 57 ዓመቱ ነበር። በ1938 ቢደረግ ኖሮ ስንብት ይባል ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ሲደረግ ዕዳ መክፈል ሆነ። ቢሆንም ተከፈለ፤ ከነጭራሹ ከመቅረት ይሻላል።

በሽታው ግን አልለቀቀውም። በ1976 በደም መርጋት ምክንያት ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። የኤፍኤ ፍጻሜውን ግብ ሳይሆን፣ 60ውን ሳይሆን፣ ከዚህ በኋላ ሰው ስለ እርሱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ያጣውን እግር ሆነ። እርሱ ግን በጎበኙት ሰዎች ትዝታ ቀልዱን ያልተወ ሰው ነው።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ከጨዋታው አስቀድሞ ምሳ ግብዣ ላይ የሊቨርፑል የቀድሞ አሠልጣኝ ቢል ሻንክሊ ንግግር አደረገ፤ ዲንን ከዓለም ታላላቅ የጥበብ ሰዎች ተርታ አሰለፈው። ያን ያለው የባላንጣው ክለብ ሰው መሆኑ ልብ ይነካል። ከምሳው በኋላ ዲን ወደ ስታዲየሙ ሄደ። ሊቨርፑል ያን ዕለት 2 ለ 1 አሸነፈ። ዲን ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በስምንት ዓመቱ አባቱ እጁን ይዞ ያስገባው በር፣ በ31 ዓመቱ ብቻውን የወጣበት በር፣ በ73 ዓመቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀበለው።

ከ21 ዓመታት በኋላ፣ በ2001፣ በጉዲሰን ፓርክ ደጃፍ ሐውልቱ ቆመ። ከሥሩ እግር ኳሰኛ፣ ጨዋ ሰው፣ የኤቨርተን ልጅ መሆኑ ተጽፏል። በሦስተኛው ማዕረግ ላይ ማንም አይከራከርም። ክለቡ ፊቱን ባዞረበት ዘመን እንኳ እርሱ የኤቨርተን ልጅነቱን አልካደም። ተቀይሞ ነበር፤ መቀየሙን አልደበቀም፤ ቅያሜው ግን ወደ ጥላቻ አልተለወጠም። የወንዶቹ ቡድን በ2025 ጉዲሰን ፓርክን ለቅቆ በወደቡ ዳር ወደ ተሠራው አዲስ ስታዲየም ሲዛወር ደጋፊዎች በዕንባ ከተሰናበቷቸው ትዝታዎች መካከል የዲን ስም ቀዳሚው ነበር።

ከዚህ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ለእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በየከተማችንና በየቀበሌያችን ማሊያ ለብሰው ያስደሰቱን፣ ዛሬ በየመንደሩ በዝምታ የሚኖሩ የቀድሞ ተጫዋቾች አሉ። ለእነርሱ ሐውልት ማቆም ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ወንበር ለቅቆ ማስቀመጥ፣ በሜዳው በር ላይ በስማቸው መጥራት ግን ምንም አያስከፍልም። ኤቨርተን ለዲን ሐውልቱን ያቆመው ከሞተ በኋላ ነው። በ1938 የሚያስፈልገው አንድ የእጅ መጨበጥ ብቻ ነበር።